በጣፋጩ በርበሬ መሃል የተተከለው

ቬሊካ ሰውን ይቅርታ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ባሏ ጌንቾ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "የኔ ሚስት ተሳስታ አታውቅም፤ ተሳስቶ የሚዘንበው ዝናቡ ነው" ይል ነበር። እሷ እዚያው አጠገቡ ቆማ ትሰማዋለች፤ አትስቅም። እውነቱን ነው የሚናገረው ብላ ታምናለች።

እኔ የመንደሩ ባለሱቅ ነኝ። ቡልጋሪያ የመጣሁት በጎረምሳነቴ እርሻ ልማር ነው። ተማርኩ፣ አገባሁ፣ ቀረሁ፤ የተማርኩትን እርሻ ግን አንድ ቀን ሳልሠራበት ዳቦና ኮምጣጤ ስሸጥ ሸበትኩ። የመንደር ሱቅ ያለው ሰው ፈለገም አልፈለገም ሁሉን ይሰማል። ስለዚህ የማወራው በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትንም ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ባንኮኒዬ ላይ ተደግፈው ነግረውኛል።

በታችኛው መንገድ ጭስ የሚወጣው ከሁለት ቤት ብቻ ነበር፤ ከቬሊካና ከጎረቤቷ ከዶንካ ቤት። ከሌሎቹ ባለቤቶች ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ ጣሊያንና ጀርመን ሄዶ የሰው አገር ሽማግሌ ያጥባል። የዶንካ ልጅ ሮሰን ሩሴ ከተማ ይኖራል። በመጣ ቁጥር "እማ፣ ነይ እኛ ጋ፤ ማሞቂያ አለ፣ አሳንሰር አለ፣ እዚህ ማን አለሽ?" እያለ እናቱን ይለምናታል። የዶንካ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ቬሊካን ለማን ጥዬ?" ትለዋለች። ይህን መልስ ቬሊካም ታውቀዋለች፣ መንደሩም ያውቀዋል። ክረምት ላይ በረዶ በር ሲዘጋ፣ ጠዋት ከአንዷ ቤት ጭስ ካልታየ ሌላዋ አካፋዋን ይዛ ትመጣለች። በታችኛው መንገድ ከዚህ ሌላ ዋስትና የላቸውም፤ አንዷ ከሄደች ሌላዋ ብቻዋን ናት።

በሁለቱ ጓሮ መሃል ባለው አጥር ላይ፣ እዚህ አገር ጎረቤት ለጎረቤት የሚተዋት ትንሽ በር አለች። የነሱ በር ቁልፍ ኖሯት አያውቅም። ዶንካ ጉልበቷ ብረት ነው፤ እንደ ልጃገረድ ተንበርክካ ሙሉ መደብ ትተክላለች። ዓይኗ ግን ሞራ ጋርዶታል፤ አረሙንና ችግኙን እኩል ትነቅለዋለች። ቬሊካ ጉልበቷ አይታጠፍላትም፤ ዓይኗ ግን ንስር ነው። ከመቶ በርበሬ መሃል ለዘር የሚሆነውን አንዱን ከሩቅ ትጠቁማለች። ስለዚህ ሁለቱንም ጓሮ አብረው ነው የሚሠሩት፤ ቬሊካ ታያለች፣ ዶንካ ትንበረከካለች። ነጭ ሽንኩርት ሲተከል ቬሊካ ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጣ ጤነኛውን ፍሬ እየለየች ታቀብላለች፣ ዶንካ መደቡ ላይ እየዳኸች ታስገባለች፤ ሲሠሩ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ይነታረካሉ። "ገልብጠሽ ተከልሽው፣ ዕውር!" "ነይና አንቺ ትከይው፣ ሽባ!" እኔ ዳቦ ላደርስ ስሄድ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ውል ብቻ ነበራቸው። ቬሊካ ከእናቷ የወረሰችው የጣፋጭ በርበሬ ዘር አላት፤ ቀይ፣ ሥጋው ወፍራም፣ እንደ ፍራፍሬ የሚጣፍጥ። ዶንካ ደግሞ የሚያቃጥለውን ትወዳለች። የሚያቃጥለው በርበሬ ጣፋጩ አጠገብ ከተተከለ ንቦቹ አበባ ለአበባ ሲዞሩ ሁለቱን ያደባልቋቸዋል። የዘንድሮው ፍሬ ምንም አይለወጥም፤ ለዘር ያስቀመጥከው ግን በሚቀጥለው ዓመት እሳት ሆኖ ይበቅላል። በሚጥሚጣ ያደግሁ ሰው ነኝና መጀመሪያ ሲነግሩኝ "ታዲያ ምን ክፋት አለው?" ብያቸው ሊገሉኝ ነበር። ዶንካ የሚያቃጥለውን ከቤቷ ጀርባ፣ ከፕሪሙ ዛፍ ማዶ ትተክላለች እንጂ አጥሩ ዘንድ ዝር አታደርገውም። ውሉ ይኸው ነበር።

አምና ግንቦት ላይ ቬሊካ ከምድር ቤቱ ደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ልጇ ወደምትኖርበት ፕሌቨን ከተማ ወሰደቻትና የዚህን አገር በጋ ሙሉ እዚያ ተኛች። ጓሮውን የጠበቀው ጌንቾ ነው። ጌንቾ ዕድሜውን ሙሉ ትራክተር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ከመሬት ጋር ያለው ትውውቅ ከላይ ከወንበሩ ሆኖ ነው። ቢሆንም ውሃ አጠጣ፣ ኮተኮተ፣ ምርቱንም አላበላሸም። ቬሊካ ምርኩዝ ይዛ የተመለሰችው ልክ የዘር በርበሬ በሚመረጥበት ሰሞን ነበር። ራሷ መርጣ፣ ራሷ ሰንጥቃ፣ ዘሩን በጨርቅ ላይ አሰጣች። ክረምቱ ሳይወጣ፣ የካቲት ላይ፣ ጌንቾ በልብ ድካም ሞተ። እንደዚህ አገር ልማድ ፎቶውን ከነሞት ማስታወቂያው ቤቱ በር ላይ ለጠፈች፤ ጎኗ የነበረችው ዶንካ ናት።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ቬሊካ ሁለት አረንጓዴ በርበሬ ይዛ ሱቄ መጣች። ከዘር በርበሬዋ ነው ያበቀለችው፤ ፊቷ ግን ልክ አልነበረም።

"ይርጋ፣ እስቲ ቅመስልኝ።"

"ምን ሆነ?"

"ቅመስ አልኩህ፤ አታስለፍልፈኝ።"

አንዱን ገመጥኩት። "ጥሩ ነው። ጨው ቢኖር።"

"አያቃጥልም?"

"ይሄ? ይሄማ ውሃ ነው።"

ሌላኛውን ቀማችኝና አሽትታ አየችው። "እኔም ሰው አገኘሁ ብዬ! አንተ ፍም ብትውጥ ጨው አነሰው ነው የምትለው" ብላ በርበሬዋን በመሐረብ ጠቅልላ ሄደች። በኋላ ለዶንካ "ድርቁ ነው፤ ውሃ ሲያንሰው ትንሽ ይቆጣል" ማለቷን ሰማሁ። አንዳንዱ ፍሬ ቀጠን፣ ሾጠጥ ብሎ ነበር፤ እሱንም በድርቁ አመካኘች። የራሷ ዘር ሊከዳት ይችላል ብላ አላሰበችም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ የጌንቾ የስድስት ወር መታሰቢያ በተደረገ በሳምንቱ፣ የበርበሬ ሥራው ቀን ደረሰ። ይህ ቀን ለመንደራችን ሴቶች ከፋሲካ አያንስም። በርበሬው ይጠበሳል፣ ይላጣል፣ ይፈጫል፤ ከቲማቲም ጋር ግቢ ውስጥ በተጣደ ትልቅ ድስት ከጠዋት እስከ ማታ ሲማሰል ይውልና ሉተኒጻ ይሆናል። በጠርሙስ እየታሸገ ከተማ ላሉት ልጆችና የልጅ ልጆች ይላካል። የቬሊካና የዶንካ ድስት አንድ ነው፣ ቬሊካ ግቢ ነው የሚጣደው። ከላይኛው ሰፈርም ሴቶች ሊልጡ ይመጣሉ። እኔ ጨውና ዘይት ላደርስ ሄጄ እዚያው ወንበር ስበው አስቀምጠውኝ ነበር።

ፀሐዩ ዘቅዘቅ ሲል ዶንካ ማማሰያውን ይዛ ቆማ፣ እንደ ልማዷ የመጀመሪያዋ ቀማሽ ሆነች። ዳቦ ላይ አድርጋ ጎረሰች። ከዚያ ማኘኳን አቆመች።

"እህስ?" አለች ቬሊካ።

ዶንካ ዋጠች። "ያቃጥላል" አለች ቀስ ብላ።

"ገና ከእሳት መውጣቱ ነዋ።"

"የእሳቱ አይደለም፣ ቬሊካዬ።"

ቬሊካ ማንኪያውን ነጥቃ ቀመሰች። ፊቷ ሲለዋወጥ እያየሁ ነበር። ጥቂት የሚያቃጥል በርበሬ ገብቶ ድስቱን ሙሉ አቃጥሎታል። የበጋ ልፋቷ፣ የልጅ ልጆቿ የዓመት ስንቅ፣ የእናቷ ዘር፣ ሁሉም እዚያ ድስት ውስጥ ነበር። ሴቶቹ ቢላቸውን አስቀመጡ።

"አምና የት ነው የተከልሽው?" አለች።

"ምኑን?"

"ምኑን ትለኛለች ደግሞ! ያንን መርዝሽን!"

"ሁልጊዜ የምተክልበት ነዋ። ከፕሪሙ ጀርባ።"

"ዓይኔን እያየሽ ትዋሺያለሽ? እኔ እግሬን ሰቅዬ አልጋ ላይ ስውል አንቺ አጥር ለአጥር ደርድረሽዋል! ማን ያየኛል ብለሽ!"

"ቬሊካ፣ እኔ አጥሩ ዘንድ አልተከልኩም።"

"ታዲያ ከሰማይ ወረደ?"

ዶንካ አፏን ከፈተች። አንድ ነገር ልትናገር እንደነበር ሁላችንም አይተናል። ከዚያ ዓይኗ በሩ ላይ ወደተለጠፈው የጌንቾ ፎቶ ሄደና አፏን መልሳ ዘጋች። ይሄ ዝምታ ቬሊካን ይባስ አሳበዳት።

"መልስ የለሽም! ምን መልስ ይኖርሻል! ምቀኝነት ነው! ምራትሽ ጠርሙሶችሽን ሳትከፍት ለደረጃ ጠራጊዋ የምትሰጠው ለምን ይመስልሻል? እጅሽን ስለምታውቀው ነው!"

የጠርሙሶቹን ነገር እዚያ ከነበርነው ማንም አያውቅም ነበር። ዶንካ ሩሴ የልጇን ቤት ልትጠይቅ በሄደች ጊዜ፣ የሕንፃውን ደረጃ የምትጠርገው ሴት "እናትየው እርስዎ ነዎት? ሉተኒጻዎ እንዴት ይጣፍጣል፣ እመቤቲቱ በየዓመቱ ለኔ ነው የሚሰጡኝ" ብላ አመሰገነቻት። ዶንካ ይህን ለአንድ ሰው ብቻ ነገረች፤ አንድ ማታ በዚያች ትንሽ በር ገብታ፣ ለቬሊካ፣ እያለቀሰች። ቬሊካ ደግሞ አሁን ወንዱም ሴቱም በተሰበሰበበት አውጥታ ድስቱ አጠገብ ጣለችው።

ዶንካ ሽርጧን ፈታች፣ ከባልዲው ውሃ ጨልፋ እጇን ታጠበች፣ ተረጋግታ አደረቀችው። "አውርጂው፤ ከሥር እያረረ ነው" አለችና በትንሿ በር ወጣች። በማግስቱ ትንሿ በር ከዶንካ በኩል በሽቦ ታስራ አየናት።

እንግዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ያንን ሉተኒጻ የልጅ ልጆቿ ሊበሉት ስለማይችሉ ቬሊካ ጠርሙሱን በሙሉ ለኔ ሰጠችኝ። "ያንተ አፍ አይደል፣ ጨርሰው" አለችኝ። ይቅር ይበለኝና በዚህ አገር ከበላሁት ሁሉ የሚጥመው እሱ ነው። መስከረም ገብቶ የቲማቲሙ እንጨት ተነቅሎ፣ የዱባው ሐረግ ተጠርጎ፣ ጓሮው ለመጸው ዘር መለቀቅ ሲጀምር ሁለቱ ሴቶች በየአጥራቸው ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ይቆፍሩ ነበር። ቬሊካ እግሯን እየጎተተች አንድ መደብ ለመገልበጥ ቀኑን ትጨርሳለች። ዶንካ የጎመን ችግኟን ከነአረሙ ትነቅላለች። ሁለቱም ግን ትንፍሽ አይሉም።

"አንቺ ነሽ የተናገርሽ፣ አንቺ ሂጂ" ብያት ነበር አንዴ።

"የተበደልኩት እኔ፣ የምሄደውም እኔ? ዘሬን አጥፍታብኝ!" ብላ ሂሳቧን ወርውራልኝ ወጣች።

መስከረም አጋማሽ ላይ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያንኑ ሉተኒጻ ዳቦ ላይ ቀብቼ ምሳዬን ስበላ ጋሽ ሚንኮ ገባ። ጋሽ ሚንኮ የጌንቾ የትራክተር ጓደኛ ነው፤ ጠዋት ቢራ ገዝቶ ከሱቁ ጀርባ ያለው አግዳሚ ላይ እስከ ማታ ይቀመጣል። ሳይጠይቀኝ ከጠርሙሱ በጣቱ ዛቅ አድርጎ ቀመሰ።

"ኡፍ! ኧረ ይሄ የጌንቾ በርበሬ ነው!"

"የማን?" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ቬሊካ ናት፤ የስፒናች ዘር ልትገዛ ነው የመጣችው።

ጋሽ ሚንኮ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። "ቬሊካ፣ ደህና ዋልሽ... እንዲያው ስናወራ ነው።"

"የማን በርበሬ ነው ያልከው?"

"ነፍሱን ይማረው እንጂ ምን አለ አሁን..."

"ጌንቾ ጨጓራ በሽተኛ ነበር። የሚያቃጥል ነገር በአፉ አይዞርም።"

"አንቺ ቤት አይዞርም" አለ ጋሽ ሚንኮ። አንዴ ከጀመረ ማቆም አይችልም፤ ቢራውም አግዞታል። "እዚህ ኋላ ግን አምና በጋውን ሙሉ ኪሱን ሞልቶ እየመጣ በዳቦ ሲገምጠው ነበር። እንባው እየወረደ ይስቃል። 'ሚስቴ እስክትመለስ ልኑር እስቲ' ይለኛል። ሁለት እግር ተክሎ ወስዶ አሳይቶኛል። በጣፋጩ መሃል ሸሽጎ! ልጄ ስትመጣ እንዳታይብኝ ብሎ።"

"በጣፋጩ መሃል" አለች ቬሊካ።

"እህ! መሃል ለመሃል። አንቺ ልትመጪ ስትይ ነቅሎ ለፍየል ሰጠው።"

"ችግኙን ማን ሰጠው?"

ጋሽ ሚንኮ ምን እንደተናገረ የገባው ያኔ ነው። ወደኔ ዞረ፤ እኔ ምን ላድርገው?

"ዶንካ ናት" አለ በመጨረሻ። "ለምኗት ለምኗት ነው እንጂ እሷ እንቢ ብላው ነበር። ሰጥታው ስታበቃም፣ 'ከዶሮ ቤቱ ኋላ ትከለው፣ በርበሬው ዘንድ እንዳታደርሰው' ብላ አስጠንቅቃዋለች። እሱ መቼ ይሰማል? በርበሬ በርበሬን ምን ያደርገዋል ብሎ ነው።"

ቬሊካ የስፒናቹን ዘርም፣ ቦርሳዋንም ጥላ ወጣች።

ዘሩን ከነቦርሳው ላደርስላት ተከትያት ስሄድ በሩ ላይ ከተለጠፈው ፎቶ ፊት ቆማ ደረስኩባት። "አምሳ ዓመት!" ትለዋለች። "አምሳ ዓመት ለጨጓራህ ወተት ሳፈላ፣ ቅመም ሳልነካ፣ አንተን ብዬ ያለ ጣዕም ስበላ ኖሬ! አንተ ከሱቅ ጀርባ እንደ ሌባ! ብታምረኝ አትነግረኝም ነበር? ምን አደርግህ ነበር?" ሲያዩት አንጀት ይበላ ነበር። ጌንቾ ፎቶው ላይ ለሠርግ የተነሳበትን ክራቫት አድርጎ ፈገግ ብሏል።

"እትዬ ቬሊካ" አልኳት፣ "እሱን ተይው። ሂጂና ዶንካን አናግሪያት። አሁኑኑ።"

"አሁን?"

"አሁን። ይቺው ናት እኮ፣ አጥር ማዶ።"

ቦርሳዋን ተቀበለችኝ። "ዛሬ ስፒናች ልዘራ ነው። አፈሩ እንዲህ እርጥብ ሆኖ ሁሌ አይገኝም" አለችኝ።

ስፒናቹ ተዘራ። ከዚያ ፍጉን ከበረቱ ማውጣት አለብኝ አለች፤ ወጣ። ከዚያ ዝናብ ጣለ። ከዚያ የክረምት ሽንኩርት መደብ ተገለበጠ። ጓሮ ሰበብ አያጣም፤ በተለይ በመጸው። እንዲህ የጸዳ፣ እንዲህ የተለሰለሰ የቬሊካን መሬት አይቼ አላውቅም። እንደገና ስነዘንዛት በመጨረሻ እውነቱን አወጣችው።

"ምን ብዬ ልጀምር?" አለችኝ። "ስለ በርበሬው እናገራለሁ፤ ጌንቾ ነው እላለሁ። ስለ ጠርሙሶቹስ? እሱን ጌንቾ አልተናገረው። እኔ ነኝ።"

"እሱን ነው እኮ መናገር ያለብሽ።"

"ነጭ ሽንኩርት የምንተክል ቀን እሄዳለሁ። ያን ቀን ያለኔ ዓይን አይሆንላትም። ያለሷ ጉልበት እኔም አይሆንልኝም። እጄ ሥራ ላይ ሆኖ ይሻላል፣ አፌ ይፈታል።"

ይህን ባለች በሳምንት ውስጥ ዶንካ ሱቅ መጥታ ባዶ ካርቶን ጠየቀችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ የገባው ሰው አይጠይቅም። የዚያኑ ቀን ለቬሊካ ነገርኳት።

"ለፖም ነው" አለች። "ሁልጊዜ ፖሟን በካርቶን ነው የምታስቀምጠው።"

"የሳሙናውን ካርቶን ሁሉ ነው የወሰደችው፣ እትዬ ቬሊካ።"

"ፖሙ ዘንድሮ በዝቷል" አለችኝ፤ ፊቷን ግን አዞረች። እልኋ ያናድደኛል። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የነጭ ሽንኩርቱ ቀን ጠዋት ቀዝቃዛና ብሩህ ነበር። ዶንካ ማሸጊያ ፕላስተር አዝዛኝ ስለነበር ይዤ ስደርስ የሮሰን መኪና በሩ ላይ ቆሟል። ፍራሹ ጣሪያው ላይ ታስሯል። ዶንካ የክት ካፖርቷን ለብሳ ግቢው መሃል ቆማለች፤ ልጇ የመጨረሻዎቹን ካርቶኖች ይጭናል። ከአጥሩ ማዶ ሽቦ ሲጎተት ሰማን። ቬሊካ ትንሿን በር ልትከፍት እየታገለች ነው። አልሆነላትም። በመንገድ ዞራ፣ ምርኩዟን እየወጋች መጣች። ሽርጧን በግራ እጇ ሰብስባ ይዛዋለች፤ ሙሉውን የተለቀመ የነጭ ሽንኩርት ፍሬ ነበር።

"የት ነው?" አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

"ሩሴ" አለች ዶንካ።

"እስከ መቼ?"

"ፍራሹን አታዪውም?"

ቬሊካ መኪናውን አየች፣ ካርቶኖቹን አየች። ያኔ ማለት የነበረባትን ታውቀዋለች፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። "ጌንቾ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ? ነገርሽኝ እንጂ።" ዶንካ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ያኔ መታሰቢያውን ካደረግን ገና ሳምንታችን ነበር። በሰው ፊት ሙት ልክሰስልሽ? ችግኙን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ለሱ ጥፋት አለብኝ። ብቻችንን ብንሆን ማታውን እነግርሽ ነበር።"

"አፌ ነው፣ ዶንካ። አፌን ታውቂው የለም?"

"አፍሽንማ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ስንት ጊዜ ነክሶኛል፣ አልፌዋለሁ። ያንን ግን የነገርኩሽ አልቅሼ ነው።"

ቬሊካ ምርኩዟን ተደግፋ ቀረበቻት። "ይቅር በይኝ" አለች። በሕይወቴ ከሷ አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው፤ ጋሽ ሚንኮ ብነግረውም አላመነኝም።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለች ዶንካ። "የዚያኑ ማታ። ክርስቲያን ነኝ። አጠገብሽ መኖር ግን አልችልም። አሁን አንድ ነገር ቢያመኝ ለማን እነግራለሁ? ለአንቺ? ማን ፊት እንደምታወጪው ሳስብ ነው የማድረው። ምራቴ ጠርሙሴን ለጠራጊ ብትሰጥም በሰው ፊት አላዋረደችኝም።"

ቬሊካ ሽርጧን የያዘችበት እጅ ሲላላ ነጭ ሽንኩርቱ እግሯ ሥር ተንጠባጠበ። ዶንካ ጎንበስ አላለችም።

ሮሰን ደግ ልጅ ነው፤ ነገሩን ማለዘብ ፈልጎ፣ "እትዬ ቬሊካ፣ ጓሮ የቀረውን ሁሉ ውሰጂው፤ ባሮ ሽንኩርት አለ፣ ጎመን አለ። ሜዳ ላይ ከሚቀር" አላት። እንዲህ ሲላት ነው እንባዋ የመጣው። መኪናው ተነሳ። ዶንካ ከፊት ወንበር ሆና ቀበቶዋን ማሰር አቅቷት ስትታገል ነበር፤ ወደ ኋላ ዞራ አላየችም።

ነጭ ሽንኩርቱን የተከለው ጋሽ ሚንኮ ነው፤ እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት። ግማሹን ገልብጦ ነው የተከለው። ቬሊካ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ታያለች፣ ግን አልተቆጣችውም። እሷ የማትቆጣ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። ከዶንካ ጓሮ ግን አንድ ቅጠል አልነካችም። ባሮ ሽንኩርቱም ጎመኑም እዚያው ቆሞ ውርጭ መታው። ከታችኛው መንገድ አሁን ጭስ የሚወጣው ከአንድ ቤት ነው። ጠዋት ሱቄን ስከፍት መጀመሪያ ወደዚያ ነው የማየው። ጭሱን ሳየው ነው ዳቦዬን የምደረድረው።

ኅዳር ላይ ቬሊካ ተከናንባ መጣች። ሌላ ሰው እስኪወጣ ቆመች። "እስቲ ደውልላት" አለችኝ። "የሷ ቁጥር አለህ አይደል? ደህንነቷን ጠይቅልኝ። ካነሳች እኔ አናግራታለሁ።"

ደወልኩ። ብዙ ጠርቶ ተነሳ። ዶንካ ናት። ደህንነቷን ጠየቅኋት፤ ማሞቂያው አፍንጫዋን እንዳደረቀው፣ አሳንሰሩን እንደምትፈራው ነገረችኝ።

"አጠገብህ ናት አይደል?" አለችኝ።

"ናት።"

"ስልኩን እንዳትሰጣት።"

ግን አልዘጋችውም። ትንፋሿ ይሰማኛል።

"ውርጩ ጣለ?"

"ጣለ።"

"ስፒናቹን ሸፍናዋለች?"

ቬሊካን አየኋት። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። "ሸፍናዋለች" አልኩ።

"ደህና" አለችና ዘጋች።

ጆሮዬ ስለከበደ የስልኬ ድምፅ ሱቁን ሙሉ ይሰማል፤ ቬሊካ አንዱም ቃል አላመለጣትም። መከናነቢያዋን አጠበቀች፤ ወደ ዳቦው አመለከተች።

"ግማሽ ዳቦ ስጠኝ።"

"ሙሉውን ውሰጂ እንጂ፣ እትዬ ቬሊካ።"

"ግማሽ አልኩህ። ሙሉው ይደርቅብኛል።"